በጠረን የሚጠራሩት

ኬርኒስቪል፣ ዌስት ቨርጂኒያ

የፖቶማክና የሸናንዶዋ ወንዞች ሃርፐርስ ፌሪ ላይ ተገናኝተው ተራራውን ሰንጥቀው ያልፋሉ። ከዚያ ጥቂት ወደ ምዕራብ እንደተነዳ አገሩ ይለሰልሳል። በተርታ የተተከለ አፕልና ኮክ ይታያል፤ እርሻውን ደግሞ ዙሪያውን ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ይከበዋል። ከዋሽንግተን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዤ የመጣሁት ለአፕሉ አልነበረም። ጫካውና እርሻው በሚዋሰኑበት ጠርዝ ላይ የቆመ አንድ ጥቁር ወጥመድ ለማየት ነው።

ወጥመዱ ከአንድ ሜትር በላይ ቁመት አለው፤ ታቹ ሰፊ፣ አናቱ ሹል ነው። አናቱ ላይ ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃ ተገጥሞለታል፤ በዕቃው ውስጥ አንዲት ትንሽ ከረጢት ተንጠልጥላለች። አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸተትኳት። ምንም የለም። ደግሜ አሸተትኩ፤ አሁንም ምንም። ዕቃው ውስጥ ግን ጀርባቸው የጋሻ ቅርጽ ያለው ቡናማ ተባዮች እርስ በርስ እየተረማመዱ ነበር፤ ሌሎች ከታች በወጥመዱ ጎን ሽቅብ ይወጣሉ፤ አንዱ ደግሞ ከጫካው በኩል ክንፉን እያርገበገበ መጥቶ አጠገቤ ካለው የአፕል ቅጠል ላይ ዱብ አለ። እኔ ፈጽሞ የማልሰማው ጥሪ በአየሩ ላይ ሲሰራጭ ውሎ፣ እነርሱ ሰምተውት ከጫካ ወጥተው መጡ። ብዙ አገር አይቻለሁ፤ የዚያን ቅጽበት ያህል ግን የማላውቀው ዓለም አፍንጫዬ ሥር መኖሩ የተሰማኝ ጊዜ የለም።

ተባዩ በሳይንስ ስሙ ሃልዮሞርፋ ሃሊስ ይባላል። አሜሪካ ያለው ወገናችን እንደ አገሬው ስቲንክባግ ይለዋል። ርዝመቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ብዙም አይርቅም። ቀንዶቹ ላይ ነጫጭ ቀለበቶች አሉ፤ ገላው ቡናማና ግራጫ የተዘነቀበት ነው። የሚኖረው በአፉ ነው ቢባል ይሻላል፤ ጥርስ ሳይሆን መርፌ አለውና። መርፌውን ፍሬው ውስጥ ሰክቶ ምራቁን ይለቅና የሟሟውን ይመጥጣል። እንዲህ ባለ መርፌ የሚኖሩት፣ ሳይንሱ ሄትሮፕቴራ በሚለው ወገን የሚመደቡት ነፍሳት ብዙ ሺህ ዓይነት ናቸው። አልጋችን ውስጥ የሚገባው ትኋን ከእነርሱ አንዱ ነው። የቡና ፍሬ የሚወጋው አንተስቲያም እንዲሁ።

የስቲንክባግ አገሩ ቻይና፣ ጃፓን፣ ኮሪያና ታይዋን ነው። ወደ አሜሪካ የገባው በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደሆነ ይታመናል፤ መጀመሪያ የታየውም ፔንስልቬንያ ውስጥ በአለንታውን ከተማ ነው። ከእስያ በመጣ ጭነት ውስጥ ተሸሽጎ ሳይገባ አልቀረም። በዘረመል ጥናት የተገኘው ፍንጭ መነሻው የቤጂንግ አካባቢ እንደሆነ ይጠቁማል። ለዓመታት ማንም ልብ አላለውም። ነዋሪዎች ያገኙትን ለግብርና ባለሙያ ሲያሳዩ አገር በቀል መስሎ እየታየ ታለፈ። በትክክል ማንነቱ የታወቀው በ2001 ነው፤ የለየው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነፍሳት ሊቅ የነበረው ሪቻርድ ሆቤክ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ከዚያ 2010 መጣ። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በዌስት ቨርጂኒያና በፔንስልቬንያ የአፕል አምራቾች በዚያ ዓመት ብቻ 37 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ምርት አጡ። ኮክ ከሚያመርቱት ውስጥ ከመቶ ዘጠና በላይ የጠፋባቸው ነበሩ። ወጥመዱን ያሳየኝ ሽማግሌ ገበሬ እርሻውን ከአባቱ የወረሰ ነው፤ ያን ዓመት ሲያነሳ አሁንም ድምፁ ይለወጣል። «ፍሬው ከላይ ደህና ነበር» አለኝ፤ «ሳጥን ሞልተን አስገባን። ልጣጩን ስናነሳው ሥጋው ቡሽ ሆኗል።» መርፌው የገባበት ቦታ ሥር ያለው ሥጋ ደርቆና ቡናማ ሆኖ ይቀራል፤ ፍሬው እያደገ ሲሄድ ላዩ ይሰረጉዳል። እንዲህ ያለ አፕል ለጭማቂ ካልሆነ ገዢ የለውም።

ያኔ ገበሬው ያደረገው ማንም የሚያደርገውን ነው፤ ረጨ። ደግሞ ረጨ። በርካታ እርሻዎች የሚረጩትን መጠን እጥፍ ድርብ አደረጉት። መርዙ ግን ሁለት ነገር አመጣ። አንደኛው፣ ፓይረትሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ሲረጩበት ተባዩ እግሩን ሰቅሎ ይወድቅና፣ ሞተ ሲሉት ከቀናት በኋላ ተነሥቶ ይሄዳል። ሁለተኛው ይብሳል። ለዓመታት በትዕግሥት የተገነባው፣ ሸረሪት መሰል ተባዮችንና ክሽክሽን በተፈጥሮ ጠላቶቻቸው የመቆጣጠር ዘዴ ፈረሰ፤ ጠላቶቹ አለቁና የተረሱ ተባዮች እንደገና አበጡ። እዚሁ ኬርኒስቪል ባለው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የፍራፍሬ ምርምር ጣቢያ፣ በትሬሲ ሌስኪ መሪነት ከብዙ ተቋማት የተውጣጡ ተመራማሪዎች በዚህ ጉዳይ ላይ የተሰባሰቡት በዚህ ጭንቅ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው በምን ይገደል የሚል ብቻ አልነበረም። ተባዩ መቼ እንደሚመጣና ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነበረባቸው፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ እርሱ ከወገኖቹ ጋር የሚነጋገርበትን ነገር መያዝ ነበረባቸው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

አክስቴ ዘንድ አደርኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሐበሻ ከተማ ናት ማለት ይቻላል፤ እንጀራው፣ ቡናው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ቅርብ ነው። ቅጠል መርገፍ የጀመረበት ወቅት ነበርና ስቲንክባጎቹ ብርዱን ሸሽተው ወደ ቤት እየገቡ ነው። አንዱን መጋረጃ ላይ አይቼ እጄን ስሰነዝር አክስቴ ከኩሽና ጮኹ።

«ተይው ልጄ! በእጅሽ እንዳትነኪው! ቤቱን ሁሉ ድንብላል ድንብላል ያደርገዋል።»

ሳሙና የተበጠበጠበት ውኃ በቆርቆሮ ይዘው መጡና ከሥሩ ደገኑለት። ሲነካ ራሱን የመጣል ልማድ አለው፤ ዱብ ብሎ ውኃው ውስጥ ገባ። አክስቴ ይህን ከማንም አልተማሩትም፤ በየዓመቱ ሲያዩት ነው የደረሱበት። እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የዱር እንስሳት ሳይንቲስት በ2011 የመጀመሪያዎቹ ወራት ከገዛ ቤቱ የለቀመውን እየቆጠረ መዝግቦ 26,205 ደርሷል። ይህን ስነግራቸው አላመኑኝም፤ ቀጥለው ግን ሰገነቱ ላይ ያለውን ሳጥን ሁሉ እንድንፈትሽ አደረጉ።

የድንብላሉ ነገር ትክክል ነው። ተባዩ ሲደነግጥ ከደረቱ ሥር፣ ከእግሮቹ መጋጠሚያ አጠገብ ካሉት ቀዳዳዎች ፈሳሽ ይለቃል። በፈሳሹ ውስጥ ካሉት ነገሮች አንዱ ዴሲናል የሚባል አልዲሃይድ ነው፤ ይኸው ነገር በእርጥብ የድንብላል ቅጠል ውስጥም ይገኛል። ከእርሱ ጋር ትራይዴኬን የሚባል ዘይታማ ነገር አለ። ጨቅላዎቹ ገና ክንፍ ሳያወጡ እጢው ጀርባቸው ላይ ነው፤ ቆዳቸውን ለመጨረሻ ጊዜ ቀይረው ሲያድጉ ዋናው እጢ ወደ ደረታቸው ሥር ይዛወራል። ክንፉ ጀርባውን ሲሸፍነው መውጫው በሆድ በኩል ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሥርዓት በዚህች ትንሽ ገላ ውስጥ!

ይህ ጠረን ለጠላት ብቻ የተዘጋጀ አይደለም። አንዱ ሲነካ አጠገቡ ያሉት ይበተናሉ ወይም ከቅጠሉ ይወድቃሉ፤ ለእነርሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን አረንጓዴው ዘመዱ፣ ኔዛራ ቪሪዱላ ነው። በ1985 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ገና ከእንቁላል የወጡት የኔዛራ ጨቅላዎች ትራይዴኬን ጥቂት ሲሆን ይሰበሰቡበታል፤ ሲበዛ ይበተኑበታል። አንድ ነገር፣ በመጠኑ ብቻ፣ «ኑ»ም «ሽሹ»ም ይሆናል።

ትኋንን የሚያውቅ ሰው ይህን ዓለም በከፊል ያውቀዋል። ትኋን ሲደፈጠጥ የሚሰጠው ያ ከባድ ጠረን የእነዚሁ አልዲሃይዶች ዘመድ ነው፤ ሄክሲናልና ኦክቲናል ይባላሉ። ሲበዙ ማስጠንቀቂያ ናቸው። ካናዳ ውስጥ በሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ሬጂንና ገርሃርድ ግሪስ ትኋኖች ለምን በአንድ ስንጥቅ ውስጥ እንደሚከማቹ ዓመታት ሲመረምሩ፣ እነዚሁ ሁለቱ በጥቂቱ፣ ከሌሎች ጋር ተቀላቅለው፣ መጥሪያ ሆነው አገኟቸው። ከመጡ በኋላ እንዳይሄዱ የሚያስቀራቸው ደግሞ ሂስታሚን ነው። ለዚህ ሥራ ሬጂን ግሪስ ትኋኖቹን በገዛ ክንዳቸው ላይ ይመግቧቸው ነበር፤ የተነከሱት ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ነው። እንዲህ ያለ ትጋት ለአንድ ተባይ ጠረን ሲሰጥ ሳይ ልቤ ይሞላል።

ቤልትስቪል፣ ሜሪላንድ

ከአክስቴ ቤት ቤልትስቪል ቅርብ ነው። የግብርና ሚኒስቴሩ ሰፊ የምርምር ማዕከል እዚያ አለ፤ የተባዩን መጥሪያ የፈቱት ኬሚስቶች ይሠሩ የነበሩት በዚሁ ነው።

መጀመሪያ የተያዘው ፍንጭ የሌላ ነበር። የጃፓን ሳይንቲስቶች በ1990ዎቹ ፕላውቲያ ስታሊ የሚባለውን አገራቸው ያለ ተባይ ፌሮሞን ለይተው ነበር። ፌሮሞን ማለት አንድ ፍጡር ለወገኑ ብሎ የሚለቀው የመልእክት ጠረን ነው። ያን ወጥመድ ላይ ሲያደርጉት ሃልዮሞርፋም መጣ። የጎረቤቱን ጥሪ ይሰማል ማለት ነው፤ ሁለቱ በአንድ አገር፣ በአንድ ዛፍ ላይ የሚኖሩ ናቸውና ጎረቤት የተጠራበት ምግብ ለእርሱም ይሆናል። አሜሪካ ውስጥም ይኸው ተሞከረ። ጉድለት ነበረበት፤ የሚሠራው በበጋው ማብቂያ ላይ ብቻ ነው። ፍሬ በሚያድግበት ዋና ወቅት ተባዩ እርሻው ውስጥ እያለ ወጥመዱ ባዶ ይሆናል። ገበሬ እንዲህ ባለ ወጥመድ ተማምኖ ምን ይወስናል?

የራሱን ጥሪ ለማግኘት ወንዶቹን በብርጭቆ ዕቃ አስቀምጠው ንጹሕ አየር እያሳለፉ፣ ከዕቃው የሚወጣውን ጠረን ሰበሰቡ። ከሴቶቹ ዘንድ የሌሉ ሁለት ነገሮች ተገኙ፤ እጅግ ጥቂት ናቸው። አሾት ክሪሚያንና ባልደረቦቹ የእነዚህ ሞለኪዩሎች አጽም ሃርለኩዊን በሚባለው፣ ጎመን በሚያጠቃው ሌላ ዘመድ ፌሮሞን ውስጥ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አዩ። ይሁን እንጂ አጽሙን ማወቅ አልበቃም። እንዲህ ያለ ሞለኪዩል ከአንድ ዓይነት አተሞች፣ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ተሠርቶ እንኳ እንደ ግራና ቀኝ እጅ የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ ይህኛው ደግሞ እንዲህ የሚገለባበጥበት ቦታ አራት አለው። ሁለት ሁለት እያሉ ሲባዙ 16 ቅርጾች ይሆናሉ። የተባዩ ቀንድ ከ16ቱ የትኛውን ይሰማል?

ሥራው ይህን ሁሉ በእጅ መሥራት ሆነ። ቅርጾቹን አንድ በአንድ ገንብተው፣ ወንዱ ከሚያወጣው ጋር አስተያይተው፣ በ2014 መልሱን አወጡ። ሁለት ቅርጾች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው 3.5 እጥፍ ይበልጣል። ወንዱ ብቻ የሚያወጣው ይሁን እንጂ ወንዱም፣ ሴቷም፣ ክንፍ ያላወጡት ጨቅላዎችም ይመጡበታል። በዚህም ምክንያት የመሰብሰቢያ ፌሮሞን ይባላል። የራሱ ጥሪ ከፕላውቲያው ጥሪ ጋር ሲሆን ደግሞ ሁለቱ ለየብቻ ከሚስቡት እጅግ የበዛ ይመጣል፤ ከጸደይ እስከ መጸው ድረስም ይሠራል። ሌላው እፎይታ፣ የማያስፈልጉት ቅርጾች አብረው ቢቀላቀሉ ጥሪውን አለማበላሸታቸው ነው። እጅግ የተጣራው ውድ ነው፤ የተቀላቀለው ግን ለገበሬ ሊደርስ በሚችል ዋጋ ይሠራል። በኬርኒስቪል አፍንጫዬን ያስጠጋሁባት ከረጢት ውስጥ የነበረው ይህ ነው።

በሩቅ የጠራው ጠረን ግን እስከ መጨረሻው አያደርስም። እንዲህ ያሉ ተባዮች አንድ ተክል ላይ ከደረሱ በኋላ በንዝረት ይፈላለጋሉ። ወንዱ ገላውን ያንቀጠቅጥና ንዝረቱ በእግሮቹ በኩል ወደ ግንዱ ይገባል፤ ሴቷ በእግሯ ትሰማዋለች፤ ትመልሳለች። ይህን በስሎቬኒያ አንድሬይ ቾክልና ባልደረቦቹ ለአሥርት ዓመታት አጥንተውታል። በሰሜን ኢጣልያ ደግሞ የሴቷን ንዝረት ወጥመድ ውስጥ በመልቀቅ ወንዶቹን ለመሳብ ሞክረዋል። ወጥመዱ አጠገብ ደርሰው ግን የማይገቡ ብዙ ስለሆኑ፣ የመጨረሻዋን እርምጃ የሚያስኬዳቸው ይህ ንዝረት ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አለ።

ይህ «ደርሶ አለመግባት» ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ነው። ሰዎች መጥሪያው ሲገኝ መጀመሪያ ያሰቡት ጠርተን እንጨርሳቸው የሚል ነበር፤ እኔም ብሆን እንዲሁ አስብ ነበር። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጓሮ አትክልት ቦታዎች ሲፈትሹት ግን ወጥመድ የተቀመጠበት አካባቢ ያለው ቲማቲም ጉዳቱ በዛበት። ተጠርተው የመጡት ወጥመዱ ውስጥ ሳይገቡ አጠገቡ ያለውን ቲማቲም ይወጋሉ። ይህ በ2014 ታትሟል። ጓሯቸው ውስጥ ወጥመድ ሊሰቅሉ ለተነሡ ጎረቤቶች አክስቴ አሁን ይህን እየነገሩ ነው፤ ስቀሉት ካላችሁ ከቲማቲሙ አርቁት ይላሉ።

መጥሪያው ትልቁን ጥቅም የሰጠው ለማድመጫ ሲሆን ነው። በአፕል እርሻ ውስጥ ወጥመዶች ይቀመጣሉ፤ ከወጥመዶቹ በአንዱ የተያዙት ተደምረው 10 እስኪደርሱ ገበሬው አይረጭም። ሲደርሱ ይረጫል፤ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ኬርኒስቪል ያገኘሁት ሽማግሌ በየሳምንቱ ይቆጥራል፤ የሚጽፍበት ደብተር የትራክተሩ መቀመጫ ሥር ነው። «ድሮ በፍርሃት እረጭ ነበር» አለኝ፤ «አሁን መረጃ አለኝ።» ተባዩ ከጫካ ስለሚመጣም አንዳንዱ ገበሬ ሙሉውን እርሻ ትቶ ጠርዙን ብቻ ይረጫል። አንዳንዱ ደግሞ በጠርዙ ላይ ጥቂት ዛፎች መርጦ መጥሪያውን ይሰቅልባቸዋል፤ የሚረጨው እነዚያን ዛፎች ብቻ ነው። መሐሉ መርዝ ሳይነካው ይቀራል፤ ንቦቹና አዳኝ ነፍሳቱ ይተርፋሉ።

ጠረኑን ለማድመጥ ውሾችም ተሰማርተዋል። ተባዩ ብርዱን የሚያሳልፈው በሰው ቤት ብቻ አይደለም፤ ጫካ ውስጥ የት እንደሚሸሸግ ግን ለሰው ዓይን አስቸጋሪ ነው። የሌስኪ ቡድን ፈንጂና ዕፅ እንደሚያነፈንፉት ዓይነት የሠለጠኑ ውሾችን ወደ ጫካ ይዞ ገባ። ውሾቹ እየመሩ የወሰዷቸው ደርቀው ሳይወድቁ ወደቆሙ ትላልቅ ዛፎች፣ በተለይ ኦክና ሎከስት ወደሚባሉት ነው። ቅርፊቱን ሲያነሡት ተባዮቹ ተደርድረው ተኝተዋል።

አድማጮቹ

ጥሪ ያለው ሁሉ ሌላ ሰሚ አለው። በ1971 ሃዋይ ውስጥ ሚቸልና ማው የኔዛራን ወንድ ጥሪ ሲያጠኑ ሴቶቹ ብቻ ሳይሆኑ ትራይኮፖዳ የምትባል ዝንብም መጣች። ይህች ዝንብ እንቁላሏን ተባዩ ገላ ላይ ትለጥፋለች፤ የሚፈለፈለው ትል ውስጡ ገብቶ ይበላዋል። ወንዱ ሲጠራ ሞቱንም ይጠራል።

የተርቦቹ ጥበብ ከዚህም ይረቃል። ትሪሶልከስ የሚባሉት ተርቦች እንቁላላቸውን የሚጥሉት በተባዩ እንቁላል ውስጥ ነው። ርዝመታቸው አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው፤ ሰውን አይናደፉም። ስለ እነዚህ ኢጣልያ ውስጥ ስቴፋኖ ኮላዛና ባልደረቦቹ ያገኙት ነገር አለ። ኔዛራ ቅጠል ላይ ሲራመድ ከእግሩና ከገላው ሰም የመሰለ ዱካ ይቀራል። ተርቧ ዱካውን አግኝታ ትከተለዋለች። የወንዱን ከሴቷ ትለያለች፤ የምትለይበት ኖናዴኬን የሚባል ነገር ነው፤ በወንዱ ዱካ ውስጥ አለ። ኖናዴኬን ያለበትን ቶሎ ትታ የሌለበትን ትከተላለች፤ እንቁላል የምትጥለው ሴቷ ናትና። የተባዩን እንቁላል ስታገኝ ወደ እያንዳንዱ አንድ አንድ ታስገባለች፤ ስትጨርስም በጀርባዋ ጫፍ እየቧጨረች «ተይዟል» የሚል ምልክት ትቀባበታለች፤ ሌላዋ መጥታ እንዳትደርብበት።

ሃልዮሞርፋ በቅጠል ጀርባ ላይ ብዙውን ጊዜ 28 እንቁላሎችን በአንድ ላይ ይጥላል። ጨቅላዎቹ ሲፈለፈሉ ወዲያው አይሄዱም። እናታቸው በእንቁላሉ ላይ የቀባችላቸውን ባክቴሪያ እየላሱ እዚያው ይቆያሉ፤ ያለ እርሱ ማደግ ያቅታቸዋል። አሜሪካ ውስጥ ይህን እንቁላል ያገኙ አገር በቀል ተርቦች እንደ ልማዳቸው እንቁላላቸውን ይጥሉበታል፤ ልጆቻቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ይሞታሉ። ጠረኑ «ዘመድ ነው» ይላቸዋል፤ ሆዱ ግን ባዕድ ነው። የእናቲቱ ተርብ ድካም ከንቱ ሲቀር ማሰብ ያሳዝናል።

በእስያ ግን ከተባዩ ጋር የኖረች ተርብ አለች፤ ትሪሶልከስ ጃፖኒከስ። አሜሪካኖቹ ሳሙራይ ይሏታል። ተመራማሪዎች ከእስያ አምጥተው በተዘጋ ላቦራቶሪ ዓመታት መረመሯት፤ ብትለቀቅ አገር በቀሎቹን ጠቃሚ ነፍሳት ትጎዳ እንደሆነ ማረጋገጥ ነበረባቸው። ሥራው ሳያልቅ፣ በ2014፣ እዚሁ ቤልትስቪል ሜዳ ላይ ተገኘች። ከላቦራቶሪ አላመለጠችም፤ ዘረመሏ እዚያ ከተያዙት ይለያል። እንደ ተባዩ ሁሉ እርሷም በራሷ መንገድ ባሕር ተሻግራ፣ ዱካውን ተከትላ ደርሳለች። ከዚያ ወዲህ ከደርዘን በላይ በሆኑ ግዛቶች ተገኝታለች፤ ኢጣልያም በ2020 ሆን ብላ ለቅቃታለች። አሜሪካ ውስጥ ሰው በጥንቃቄ ሊወስን ሲዘጋጅ፣ ነገሩ በራሱ ፈቃድ ሆነ፤ ይህን ሳስብ ላቦራቶሪው ውስጥ ለዓመታት የደከሙትን ሰዎች ጥንቃቄ አልንቅም። ሌላ ጊዜ ሳይጋበዝ የሚመጣው ሳሙራይ ላይሆን ይችላል።

የቡናው ነገር

ይህን ሁሉ ስጽፍ አሳቤ ወደ አገር ቤት ይሄድ ነበር። ዓለምን የዞረው ኔዛራ መነሻው ምሥራቅ አፍሪካ እንደሆነ ብዙ አጥኚዎች ያምናሉ። የቡናው አንተስቲያ ደግሞ ከእኛ ዘንድ ከጥንት ያለ ነው። አበባውን፣ እንቡጡንና አረንጓዴ ፍሬውን ይወጋል፤ ፍሬው ይረግፋል ወይም ውስጡ ይጠቁራል። በሩዋንዳና በቡሩንዲ ጉዳቱ ሌላ መልክ አለው። የተወጋው ፍሬ ውስጥ ፒራዚን የሚባል ነገር ይፈጠራል፤ ያ ፍሬ ተቆልቶ ሲፈላ ስኒው ጥሬ ድንች ድንች ይላል። ከብዙ ኪሎ መካከል ጥቂት ፍሬ ስኒውን ያበላሻል፤ ገዢው ጭነቱን ይመልሳል።

አንተስቲያ ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ይወዳል፤ ለዚህ ነው ቡናን መግረዝና መሐሉን መክፈት ከጥንት የሚመከረው። እንቁላሉን ደርዘን ደርዘን እያደረገ ብዙውን ጊዜ በቅጠል ጀርባ ይጥላል። እርሱንም የሚያድኑ የትሪሶልከስና የቴሌኖመስ ወገን ተርቦች በምሥራቅ አፍሪካ ቡና ውስጥ አሉ። ማንም አላመጣቸውም፤ የኛው ናቸው።

ሊሙ ቡና ላላቸው አጎቴ ስልክ ደወልኩ። አንተስቲያን ስነግራቸው «እናውቀዋለን እንጂ፣ ሲነካ የሚገማው!» አሉኝ። ስለ ተርቦቹ ግን ሰምተው አያውቁም። የተርብ ልጅ የያዘ እንቁላል እየጠቆረ እንደሚሄድ፣ ያልተያዘው ደግሞ ነጣ ብሎ እንደሚቆይ አስረዳኋቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝና በስንት ቀን ይጠቁራል፣ ስንትስ ይወጣበታል እያሉ ደጋግመው ጠየቁ። ቡናው የሚገረዝበት ጊዜ ቀርቧል፤ የተገረዘው ቅርንጫፍ ሁሉ ተሰብስቦ ይቃጠል ነበር።

«እንግዲያው ልጆቹ ከመቃጠሉ በፊት የቅጠሉን ጀርባ እንዲያዩ አደርጋለሁ» አሉኝ። «ነጩን ያቃጥሉት፤ ጥቁሩን እንቁላል ከነቅጠሉ ግንዱ ሥር ይተዉት።»